አያትና ልጅ ይዞ አውሮፕላን ሙዚየም ሲኬድ የሚሠሩ ስህተቶች

ከኤርፖርት በቀጥታ መውሰድ። የአውሮፕላን ሙዚየሙ፣ የስሚዝሶኒያን ኡድቫር-ሄዚ ሴንተር፣ ያለው ቻንቲሊ፣ ቨርጂኒያ፣ ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ነው። "በዚያው አሳይተናቸው እንሂድ" ያሰኛል። እኔም ተሸውጃለሁ። አባቴ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ሲበሩ አድረው ገና ከመውረዳቸው አውሮፕላን ፊት አቆምኳቸው። "አሁን ከዚህ ወርጄ አይደል እንዴ?" አሉኝ። ሁለት ሦስት ቀን ይረፉ።

ሕንፃ መሳሳት። ዋሽንግተን ዲሲ መሃል ያለው የስሚዝሶኒያን አውሮፕላን ሙዚየም ሌላ ነው። እዚያ መግቢያው ነፃ ቢሆንም ሰዓት የተቆረጠለት ትኬት ቀድሞ መያዝ አለበት። ቻንቲሊ ትኬት አያስፈልግም።

15 ዶላር ለማትረፍ አምሽቶ መድረስ። ፓርኪንጉ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነፃ ነው። ሙዚየሙ ግን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። አያት ከመኪና ወርደው፣ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው እስኪገቡ ምን ይተርፋል? ይክፈሉ።

ዊልቸር መናቅ። ሕንፃው አዳራሽ ሳይሆን ሜዳ ነው። ዊልቸር በነፃ ያውሳሉ። እናቴ ጉልበቷን እያመማት "ሽባ ነኝ እንዴ!" ብላ ተቆጣች። "ለኮታችን ነው" ብለን ወሰድን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኮቱን አቅፋ ተቀምጣበታለች።

ሁሉንም በአንድ መስመር ማስኬድ። ልጆች ወደ ብላክበርድ ይሮጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሎስ አንጀለስ ዋሽንግተን በ64 ደቂቃ የገባው ጥቁሩ የስለላ አውሮፕላን ነው። ከኋላው ደግሞ 39 ጊዜ ጠፈር የወጣችው መንኮራኩር ዲስከቨሪ አለች። ይሩጡ፤ አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው ይሂድ። አያቶችን ግን ቢጫና ቡናማ ቀለም የተቀባው አሮጌ ቦይንግ ጋ ይውሰዷቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 የበረረ የሙከራ አውሮፕላን ነው፤ 707 የተባለው የመንገደኞች ጄት የተወለደው ከእሱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ የተረከበው የመጀመሪያው ጄት፣ 720፣ የ707 ታናሽ ወንድም ነው።

ጽሑፉን ሁሉ ለመተርጎም መታገል። ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነበር። ስለ ሞተሩ እያነበነብኩ አባቴ ቀና ብለው ጅራቱን ያያሉ። ዝም ስል እሳቸው ጀመሩ፦ "ወጣት ሆኜ የተሳፈርኩበት ይሄን ይመስል ነበር። ሱፍ በከረባት ለብሼ።"

ልጄ በተሰባበረ አማርኛው "አባባ፣ ለምን ሱፍ?" አላቸው።

"ሰፈሩ ሁሉ ሊሸኘኝ ወጥቶ፣ እንዳንተ በቱታ ልሂድ?"