ከኮምፔንሳቶ የምትሠራ ትንሽ የሸራ ጀልባ፦ ከቅርጽ አወጣጥ እስከ ሸራ አሰቃቀል

የሸራ ጀልባ በቤቱ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ እንጨቱ ዓይነት ነው። እንደ እኔ ልምድ ግን ትንሽ ጀልባን የሚያኖራትም የሚገድላትም ስፌቷና የእንጨቷ ጠርዝ ነው፤ መካከለኛ እንጨት በጥሩ ሁኔታ ተጋጥሞ ጠርዙ ከታሸገ ዓመታትን ያገለግላል፤ እጅግ ውድ የሆነው እንጨት ግን ጠርዙ ከተረሳ በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ከውስጥ መበስበስ ይጀምራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ረጅሙን ጊዜ የምናጠፋው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ቅርጽ የ«ኦፕቲሚስት» ዓይነት ነው። ይህችን ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1947 ክላርክ ሚልስ የተባለ አሜሪካዊ ጀልባ ሠሪ በፍሎሪዳ ክሊርዋተር የነደፋት፣ አባትና ልጅ በመኪና ማቆሚያ ቤታቸው ውስጥ በርካሽ እንዲሠሯት ታስባ ነው። ርዝመቷ 2.3 ሜትር፣ ስፋቷ 1.13 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህ ልክ 1.22 በ2.44 ሜትር ከሆነው የተለመደ የኮምፔንሳቶ ወይም ፕላይውድ ሉህ እንድትወጣ የተመጠነ ነው፤ ሁለት ሉህ ለቀፎዋ፣ ማለትም ለጀልባዋ ገላ፣ ይበቃል። ፊቷ እንደ ሌሎች ጀልባዎች ሹል ሳይሆን ገበታ መስሎ የተቆረጠ በመሆኑ መልኳ አያማልልም፤ ግን እንጨቱን አጣምሞ ወደ አንድ ሹል ጫፍ የማምጣትን ጣጣ ያስቀራል። የተሠራችው ለልጆች ስለሆነ ትልቅ ሰው ሲገባባት ጉልበቱን አጥፎ መቀመጥ ግድ ይሆንበታል።

ሚልስ ጎኖቹን ያያዛቸው በየማዕዘኑ ቀጭን ጣውላ አስገብቶ በማጣበቂያና በሚስማር ነበር። በእኛ አሠራር የምንከተለው ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ «ሚረር» የተባለችው ጀልባ ያስፋፋችውን ዘዴ ነው፤ ይኸውም የተቆረጡትን ገበታዎች በመዳብ ሽቦ እንደ ልብስ ሰፍቶ፣ ስፌቱን በሙጫና በፋይበርግላስ ጥብጣብ መሸፈን ነው። ለውድድር የሚመዘገብ፣ ልኩን የጠበቀ ጀልባ ለሚፈልጉ ሰዎች ይህ አይሆንም፤ በሐይቅ ላይ ልጅ ለማሠልጠን ግን ከበቂ በላይ ነው።

ኮምፔንሳቶው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። ለመርከብ ሥራ የተዘጋጀው ዓይነት በሚገኝበት አገር የሚኖር ሰው እሱን ይግዛ፤ በማይገኝበት ደግሞ ሻጩ «ውኃ አይነካውም» ያለውን ሁሉ አምኖ ከመግዛት በፊት መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ለምኖ አንድ ሰዓት ያህል በውኃ መቀቀል፣ አድርቆም እንደገና መቀቀል ይገባል። ንብርብሮቹ ካልተላቀቁና ካልተነፋፉ ሙጫው ይታመናል። (ለዚህ ሥራ አሮጌ ድስት ይመረጥ፤ እኔ በወጥ ድስት ቀቅዬ የደረሰብኝን ወቀሳ ለሌላ አልመኝም።) ቁራጩን ከጎኑ ማየትም ያስፈልጋል፤ በመሐል ንብርብሮቹ ላይ ቀዳዳ ወይም ክፍተት የሚታይበት ሉህ፣ ሙጫው ቢታመንም እንኳ ሲታጠፍ እዚያው ላይ ይሰበራል።

ቅርጹን ወደ ሉሁ ለማዛወር በንድፉ ላይ የተሰጡትን ነጥቦች በሜትርና በስኳድራ ምልክት አድርጎ፣ በየነጥቡ ትንሽ ሚስማር መትቶ፣ ቀጭንና አንጓ የሌለበት የጣውላ ዘንግ በሚስማሮቹ ላይ አጎንብሶ መስመሩን በእርሳስ ማውጣት ነው። ዘንጉ አንድ ሚስማር ላይ ካልደረሰ ወይም ከተጎረበጠ ስህተቱ የልኬት ነው እንጂ የዘንጉ አይደለም። ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ በመጋዝ ከቆረጡ በኋላ፣ ግራና ቀኝ ጎኖቹን አንድ ላይ በሞርሳ አስሮ እስከ መስመሩ በመላጊያ መላግ ሁለቱን አቻ ያደርጋቸዋል።

ከዚያ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ፣ ጥምዝ በሚበዛበት ፊት አካባቢ ደግሞ በየ8 ሴንቲ ሜትሩ፣ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ የመዳብ ሽቦ ለመስፋት በጣም ይመቻል። መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርጎ በእጅ ማጠማዘዝ፣ ወለሉና ጎኖቹ፣ የፊቱ፣ የመሐሉና የኋላው ግድግዳ በየቦታቸው ከተቀመጡ በኋላ ብቻ በፒንሳ ከመሐል ወደ ጫፍ እየተጓዙ ማጥበቅ ያስፈልጋል። አንዱን ስፌት ብቻ እስከ መጨረሻው ያጠበቀ ሰው ሽቦው እንጨቱን ሲቆርጠው ያያል።

የተሰፋችው ጀልባ ገና እንደ ሣጥን ትወላገዳለች፤ ዕጣ ፈንታዋ የሚወሰነውም በዚህ ቀን ነው። ከፊቱ ግድግዳ መሐል ተነሥቶ ወደ ኋላው ግራና ቀኝ ማዕዘን የሚደርስ ሲባጎ መወጠርና ሁለቱ ርዝመቶች እኩል መሆናቸውን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ፍተሻ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎችን አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ በጎኖቹ ላይ አግድሞ አስቀምጦ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት ነው። የቅርቡ ጣውላ የላይ ጠርዝ የሩቁን በአንድ መስመር ካልሸፈነው ጀልባዋ ተጠማዝዛለች። የመጀመሪያዬን ጀልባ የሠራሁት ወለሉ ወደ ፍሳሽ ማውረጃ በተዘነበለ ግቢ ላይ ስለነበር፣ ሲባጎዎቹ ፍጹም እኩል ሆነው ሳለ ቀፎዋ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠማዝዛ ደርቃለች፤ እስከ ዛሬም መሪዋን ቀጥ አድርገው ቢይዙት ወደ ግራ መሄዷን አልተወችም። ከአንዱ ማዕዘን ሥር የ1 ሴንቲ ሜትር ሽብልቅ ማስገባት ያን ጊዜ ሁሉን ያስተካክለው ነበር።

ሙጫችን ኢፖክሲ ነው፤ ሙጫውና ማጠንከሪያው በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መጠን ብቻ ይደባለቃሉ። ማጠንከሪያውን ማብዛት ቶሎ አያደርቀውም፤ ለዘለዓለም የሚያጣብቅ ለስላሳ ነገር አድርጎ ያስቀረዋል። ትንሽ ትንሽ መበጥበጥ ይገባል፤ በጠባብ ዕቃ ውስጥ ብዙ የተቀመጠ ኢፖክሲ ራሱን በራሱ አሙቆ ይጨሳል። ጓንት ማድረግ ግዴታ ነው፤ ሲነካም በቲነር ሳይሆን በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ። ለመጋጠሚያው መሙያ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ ሰጋቱራ በኢፖክሲው ላይ እየጨመሩ ማማሰል ነው፤ ውፍረቱ ማንኪያው ቢገለበጥ የማይወርድ ገንፎ ሲመስል ይበቃዋል። ከዚያ በፊት ግን እንጨቱን ምንም ባልተቀላቀለበት ቀጭን ኢፖክሲ መቀባት አይረሳ፤ ደረቅ እንጨት ከገንፎው ላይ ሙጫውን መጥጦ ባዶ ሰጋቱራ ያስቀራል።

በመጀመሪያው ቀን በሽቦዎቹ መካከል ብቻ ቁራጭ ቁራጭ እያደረጉ መሙላት፣ በማግስቱ ሽቦዎቹን ማውጣት ነው። አልወጣ ያለውን ሽቦ ጫፉን በብየዳ ብረት ማሞቅ ያላቅቀዋል። ከዚያ መላውን የውስጥ ማዕዘን ሞልቶ፣ በሾርባ ማንኪያ ጀርባ አንድ ጊዜ፣ ሳያቋርጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሳብ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ጥምዝ ያለው ንጹሕ ጉድባ ይሰጣል፤ ደጋግሞ መነካካት ያበላሸዋል። ሙሌቱ ገና ሳይጠነክር 7.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን የፋይበርግላስ ጥብጣብ አልብሶ፣ ነጭነቱ ጠፍቶ እንደ ብርጭቆ እስኪያስተላልፍ ድረስ ኢፖክሲ ማጠጣት ነው። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ አየር አለበት። ከደረቀ በኋላ ቀፎዋን ገልብጦ የውጭውን ማዕዘን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ በተመሳሳይ ጥብጣብ መሸፈን ነው። በደረቀ ኢፖክሲ ላይ የሚታየውን ቅባት መሰል ነገር ከመፈግፈግ በፊት በውኃ ማጠብ ያስፈልጋል።

የጎኖቹን የላይ ጠርዝ የሚያጠነክሩት 2 በ2 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ረጃጅም ጣውላዎች ሲጣበቁ ብዙ ማያዣ ይፈልጋሉ፤ ከብስክሌት ከመነዳሪ በቀጫጭኑ የተቆረጠ ጎማ ጠበቅ ተደርጎ ቢጠመጠም ያንኑ ይሠራል። የምሰሶው፣ የመሪውና የማንኛውም ብሎን ቀዳዳ ከሚፈለገው በላይ ሰፍቶ ተበስቶ፣ በኢፖክሲ ተሞልቶ፣ ሲደርቅ በልኩ እንደገና መበሳት አለበት፤ ያኔ ብሎኑ የሚነካው ሙጫ እንጂ እንጨት አይሆንም። መላው ቀፎ ከውስጥም ከውጭም ሦስት እጅ ኢፖክሲ ከተቀባ በኋላ ቀለም የግድ ነው፤ ፀሐይ ኢፖክሲን ታቃጥለዋለች።

ከመሐሉ ግድግዳ ጋር ተያይዞ የሚቆመው ሰገባ ወደ ውኃ የሚወርደውን ሳንቃ ይይዛል። ይህ ሳንቃ ከሌለ ነፋስ ጀልባዋን እንደ ቅጠል ወደ ጎን ይገፋታል እንጂ ወደ ፊት አትሄድም። የሰገባው ውስጠኛ ገጽ ከተዘጋ በኋላ እጅ ስለማይደርስበት ሳይገጣጠም በፊት ሦስቱንም እጅ መቀባት አለበት።

ምሰሶው አንጓ ከሌለበት ቀጥ ያለ ቀላል ጣውላ ይላጋል። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ቢገኝም ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ክብደቱም ከላይ ሆኖ ጀልባዋን ያናውጣል። ሸራውን በሰያፍ ለሚወጥረው ዘንግ ግን ቀርከሃ ግሩም ነው። ምሰሶው ያለ ደጋፊ ሽቦ የሚቆም ስለሆነ በላይኛው አግዳሚ ቀዳዳና በወለሉ ላይ ባለው መትከያ ውስጥ መወላወል የለበትም፤ የሚንቀጠቀጥ እግር ወለሉን ይፈለቅቃል። ጀልባዋ ስትገለበጥ ወልቆ እንዳይወጣም በአጭር ገመድ ከአግዳሚው ጋር ይታሰራል።

በአማርኛ የጭነት መኪና መሸፈኛውም የጀልባው ነፋስ መያዣም ሸራ መባሉ ለእኛ ምቹ ነው፤ የመጀመሪያው የጀልባ ሸራ ከመኪና መሸፈኛው ሸራ ሊቆረጥ ይችላልና። ስፋቱ 3.5 ካሬ ሜትር ገደማ ሆኖ፣ ከምሰሶው ጋር የሚታሰረው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሳይሆን መሐሉ ላይ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ አብጦ ይቆረጣል። ይህ ትርፍ ጨርቅ ቀጥ ባለው ምሰሶ ላይ ሲታሰር ወደ ሸራው መሐል ገብቶ ሆድ ይፈጥራል፤ ጀልባዋን የሚስባትም ይህ ሆድ ነው። ጠርዞቹ ታጥፈው በሁለት ረድፍ ይሰፉ፤ አራቱ ማዕዘኖች ላይ ሦስት አራት ንብርብር ይጨመር። ሸራውን ከምሰሶው ጋር የሚያያይዙት ክሮች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይታሰሩ፤ በሸራውና በምሰሶው መካከል ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ክፍተት ይኑር።

የሰያፉ ዘንግ አንድ ጫፍ በሸራው የላይኛው የኋላ ማዕዘን ቀለበት ውስጥ ይገባል፤ ታችኛው ጫፍ ከምሰሶው ጋር በታሰረ ማጥበቂያ ገመድ ላይ ያርፋል። መጠኑን የሚናገረው ሸራው ራሱ ነው። ከምሰሶው ጫፍ ወደ ታችኛው የኋላ ማዕዘን የሚወርድ ሽብሽብ ከታየ ዘንጉ ላልቷል፤ ከላይኛው የኋላ ማዕዘን ወደ ምሰሶው ሥር የሚወርድ ከታየ ከልክ በላይ ጠብቋል። የሸራውን መቆጣጠሪያ ገመድ ምንጊዜም በእጅ መያዝ እንጂ ማሰር አይገባም፤ ነፋስ ድንገት ሲበረታ መልቀቅ ያድናል።

ሸራው ከሳንቃው ጋር መመጣጠኑን ለማየት የሸራውን ቅርጽ በካርቶን አሳንሶ ቆርጦ በመርፌ ጫፍ ላይ ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብ መፈለግ ነው፤ ያ ነጥብ በሳንቃው አናት ላይ ገደማ መዋል አለበት። በውኃ ላይ ሲሞከር፣ የመሪው እጀታ ቢለቀቅ ጀልባዋ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ መቆም ይኖርባታል። ከነፋሱ የምትሸሽ ከሆነ የምሰሶውን ጫፍ ጥቂት ወደ ኋላ ማዘንበል ይረዳል።

ከመውጣት በፊት ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ በውኃ ሞልቶ መንሳፈፏን መፈተን ያስፈልጋል። አንድ ሊትር የታሸገ አየር አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማልና ከፊትና ከኋላ በደንብ የታሰሩ በአየር የተሞሉ ከረጢቶች ወይም ባዶ ጀሪካኖች ያስፈልጋሉ። ጣና ላይ ለሚሞክር ሰው ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱና ማዕበሉ ይበረታል፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢም ጉማሬ አለ። ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ሸራውን የሚገፋውም በዚያው ልክ ቀንሶ ነው። የትም ቢሆን ለመጀመሪያው ቀን ወደ ዳር የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ ይመረጥ፤ የሕይወት አድን ጃኬትና አንድ መቅዘፊያ አብረው ይግቡ።

ሲመለሱ ጀልባዋን ጎትቶ አውጥቶ፣ ሳትጠረግ ውስጧን በባትሪ መብራት መመልከት ነው። ከሰገባው ሥር ወይም ከኋላው ማዕዘን ቀጭን የእርጥበት መስመር ቢታይ፣ ሳይደርቅና ሳይጠፋ ዙሪያውን በእርሳስ ማክበብ ይገባል።