ያልመጣውን ሰው ማን ይቁጠረው? ወደ ማኅበረሰብ ጤና የሚገቡ ነርሶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በማኅበረሰብ ጤና ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ ነርሶች ለመስክ ልምምድ ወደ ሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ሲወጡ አብሬ እወጣለሁ። አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው። ዋርድ ላይ ዓመታት ሠርተዋል። የጠፋ ደም ሥር ፈልገው ያገኛሉ፤ የሕመምተኛ ፊት አይተው ነገሩ እንደከፋ ይገባቸዋል። ግን ዋርድ ውስጥ የሚፈለገው ሰው አልጋው ላይ ተኝቷል። በመከላከል ሥራ ላይ የሚፈለገው ሰው ብዙ ጊዜ ያልመጣው ነው። ስሙ መዝገብ ላይ የለም፣ ካርድ አልወጣለትም፣ ወረፋ አልያዘም። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ እሱን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

የመጣውን ቆጥሮ ማቆም

ይሄኛው ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። ተማሪዋ የጤና ጣቢያውን የክትባት መዝገብ ትገለብጣለች፣ ታሰላለች፣ ከዚያ ደስ ብሏት ትመጣለች። ፔንታ 3፣ ማለትም አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት ሦስተኛው ዙር፣ ከመቶ በመቶ በላይ! ሪፖርቷ ላይም «አፈጻጸሙ እጅግ ጥሩ ነው» ብላ ትጽፋለች። ከመቶ ሕፃን መቶ አምስቱ እንዴት ይከተባል ብላ አትጠይቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። ወረዳው ለቀበሌው የሕዝብ ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ቁጥር በመቶኛ ይባዛና «የዘንድሮ ሕፃናት» ይባላል። ለምሳሌ 5,000 ሕዝብ አለው በተባለ ቀበሌ ሕፃናቱ 3 በመቶ ናቸው ቢባል 150 ይሆናሉ። በእውነት ያሉት ግን 190 ቢሆኑስ? 150 ስትከትቡ ወረቀቱ መቶ በመቶ ይላል። አርባ ልጆች ጭራሽ አልታዩም፤ በወረቀቱ ላይ አልተወለዱም።

ሌላም አለ። ደብረ ብርሃን በፋብሪካም በሰውም በፍጥነት ያደገች ከተማ ናት። ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ወገኖችም በከተማዋ ሰፍረዋል። ልጆቻቸው እዚያው ይከተባሉ፤ በትንበያው ቁጥር ውስጥ ግን አልገቡም። ስለዚህ የተከተቡት ቁጥር ከትንበያው በላይ ያብጣል፤ ሥራው ሁሉ ያለቀ ይመስላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ፔንታ 1 ከወሰዱት ውስጥ ስንቱ ፔንታ 3 ሳይወስዱ እንደቀሩ አስሉ። 160 ጀምረው 128 ከጨረሱ 32ቱ መንገድ ላይ ጠፍተዋል፤ 20 በመቶ ማለት ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ ችግር አለ። ይህ ስሌት የሕዝብ ትንበያ አይፈልግም። ቀጥሎ የጠፉትን በስም አውጡ። የየቤቱ መረጃ ከሚቀመጥበት የጤና ኬላው የቤተሰብ ማህደር ጋር አስተያዩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፔንታ 1 የሚሰጠው በ6 ሳምንት ነው፤ በ42 ቀን ማለት ነው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው። ክርስትና ሳትነሳ ሕፃን ከቤት የማትወጣበት ቤት ብዙ ነው። ብትመጣም መዝገቡ ላይ «ሕፃን» ተብላ ወይም እናቷ በምትጠራት የቁልምጫ ስም ትጻፋለች። በ14 ሳምንቷ ስትመለስ ስም ወጥቶላታል። አሁን መዝገቡ ላይ ሁለት ልጆች አሉ፦ አንዷ ጀምራ የጠፋች፣ አንዷ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ። ተማሪው የጠፋችውን ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ልጅቷ ግን ክትባቷን ጨርሳለች። የእናትን ሙሉ ስም፣ ጎጡንና ስልኩን መመዝገብ ይህንን ሁሉ ያስቀራል።

ይህም ሆኖ አንድም ክትባት ያልነካት ልጅ በፔንታ 1ም በፔንታ 3ም አትገኝም። እሷን የሚያገኛት እግር ብቻ ነው። ከጤና ኬላው በጣም የራቀውን ጎጥ መርጣችሁ ቤት ለቤት ሂዱ። የመስክ ልምምድ የሚባለው እሱ ነው። መዝገብ መገልበጥማ ከተማ ተቀምጦም ይቻላል።

የመጣችውን እናት መመለስ

የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚሆን ዶዝ ይይዛል፤ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ይህንን የተማረ ነርስ ብልቃጡን ማባከን ይፈራል። «አንድ ልጅ ብቻ ስለሆነ ሐሙስ ሌሎች ሲመጡ ይምጡ» ይላታል። ሴትየዋ ልጇን አዝላ ሁለትና ሦስት ሰዓት ዳገት ወጥታ ነው የመጣችው። ሐሙስ አትመጣም። ማን ይመጣል? የዘጠኝ ወር ልጅ ፊታችሁ ካለ ለአንድም ልጅ ቢሆን ክፈቱ። የብልቃጡ ዋጋ ከኩፍኝ ወረርሽኝ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ጠይቆ ማለፍ፣ አለማየት

ደጋ ላይ አንድ ግቢ ገባን። ተማሪው ፎርማቱን ይዟል።

«እማማ፣ መጸዳጃ ቤት አላችሁ?»

«አለን የኔ ልጅ።»

ምልክት አደረገና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሊያልፍ ሲል «እማማ፣ እስቲ ካላስቸገርንዎ ያሳዩን» አልኩ። ከቤቱ ጀርባ ወሰዱን። ወደ መጸዳጃው የሚወስደው መንገድ ሣር በቅሎበታል። በሩ ላይ የሸረሪት ድር አለ። ውስጡ እስከ ጣሪያው ኩበት ተከምሯል። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ኩበቱ ከረጠበ ምን ነድዶ እንጀራ ይጋገራል?

እማማ አልዋሹም። መጸዳጃ ቤት አላቸው። የተጠየቁትን መልሰዋል። ጥያቄው ነበር ጎዶሎው። ቁጭ ብለን ስናወራ ልጆቻቸው ለኩበቱ መጠለያ ቢሠሩላቸው መጸዳጃውን እንደሚያስለቅቁ ራሳቸው ተናገሩ። ስለ ንጽህና ግማሽ ሰዓት ብናስተምራቸው ኖሮ በትሕትና አዳምጠውን፣ ቡና አጠጥተውን፣ ኩበቱ እዚያው ይቀር ነበር።

ስለዚህ እዩ። የተረገጠ መንገድ አለ? እጅ መታጠቢያው ውስጥ ዛሬ ውኃ አለ? የልጆቹ ፊት ላይ ዝንብ አለ? ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ባለበት አገር የልጅ ፊት ብዙ ይናገራል። እጃችሁን ታጠቡ ከማለታችሁ በፊትም ውኃው ከየት እንደሚቀዳና ማን እንደሚቀዳው ጠይቁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን እንደ መንገድ መሪ መቁጠር

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ በአብዛኛው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ባለሙያዎች ይመድባል፤ ከዚያው አካባቢ የወጡ ሴቶች ናቸው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ባለሙያዋ ቦርሳ እንድትይዝ ይደረጋል፣ ቤት እንድታሳይ ትጠየቃለች፣ ውይይቱ ሲጀመር ትረሳለች። ይህ ያናድደኛል። የትኛው ቤት ባል እንደሚከለክል፣ የትኛዋ ልጅ ሳታገባ አርግዛ እንደምትደበቅ፣ የትኛው አባወራ የቲቢ መድኃኒቱን እንዳቋረጠ የምታውቀው እሷ ናት። ማንም ፎርማት ይህንን አይሰጣችሁም።

መጀመሪያ ቀን ስትደርሱ «እህቴ፣ የሚያስቸግርሽ የትኛው ጎጥ ነው? ለምን ይመስልሻል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ስሕተቷንም ብታዩ ሰው ፊት አታርሟት። እናንተ በሁለት ሳምንት ትመለሳላችሁ፤ እሷ ግን እዚያው ሕዝብ መሐል ትሠራለች።

ለዞኑ ሁሉ አንድ ዕቅድ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ናችሁ። ጃኬት ለብሳችሁ ተነስታችሁ በሸሚዝ ትቀራላችሁ። በሽታውም እንደዚያው ይለወጣል። ቆላው ላይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ ወባ ይታሰባል። መንዝ ላይ ግን ብርድ፣ አንድ ልብስ ደርቦ መክረምና ቅማል ስላሉ ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳትም ሊታሰቡ ይገባል።

ሰውም ይንቀሳቀሳል። የደጋው ጎልማሳ ለአጨዳ ቆላ ወርዶ ሰንብቶ ይመለሳል። ወባ ይዞት የሚተኛው ወባ በሌለበት ቀበሌ ነው። «የት ሰንብተህ መጣህ?» የሚለው ጥያቄ ከቴርሞሜትሩ እኩል ያስፈልጋል።

የአውትሪች፣ ማለትም ወደ ጎጡ ወጥቶ አገልግሎት የመስጫ ቀን ስትቆርጡም ወረዳው በላከው ሠንጠረዥ ብቻ አትሂዱ። የገበያ ቀን ማንም ቤት አይገኝም። በልግ የሚያርሰው ደጋና መኸር ብቻ የሚያርሰው ቆላ የሥራ ወራታቸው አንድ አይደለም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር ብዙው ገበሬ በሬ አይጠምድም፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ይገኛል። ቀወትና አርጎባ አካባቢ ደግሞ የዓርብ ቀትር ለጁምዓ ነው። ኤክስቴንሽኗን ጠይቁ፤ ቀኑን እሷ ትቁረጥላችሁ።

አጫጭሮቹ

ክትባት የሚበላሸው በሙቀት ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ። ፔንታ ወደ በረዶ ከተለወጠ ይበላሻል። የበረዶ ጥቅሉን ከፍሪዘር አውጥታችሁ ወዲያው ወደ መያዣው አትክተቱ። ላብ እስኪያወጣና ሲወዘወዝ ውስጡ ውኃ እስኪሰማ ጠብቁ። በደጋ ማለዳ ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀደም ብላችሁ ተነሱ።

ዳገት ወጥቶ የመጣን አዛውንት ቁጭ እንዳሉ ደም ግፊታቸውን አትለኩ። አምስት ደቂቃ ይረፉ፤ እግራቸው መሬት ይንካ፤ ክንዳቸው በልብ ልክ ይደገፍ። ቡና ጠጥተው ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በአንድ ቀን ልኬት ብቻም «ግፊት አለብዎ» ብላችሁ ሰው አታስደንግጡ።

የምግብ እጥረትን ለመለየት ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ የክንድ ዙሪያ የሚለካው ልብስ ወልቆ በግራ የላይኛው ክንድ መሐል ላይ ነው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ልጁ ዛሬውኑ ይላክ።

ማረጋገጫ እየጠበቁ አለማሳወቅ

ዋርድ ላይ የለመደ ነርስ ምርመራ ይወዳል፤ ተረጋግጦ ነው የሚናገረው። የበሽታ ቅኝት ላይ ይህ ጥንቃቄ ሰው ይጎዳል። ትኩሳትና ሰውነት ሁሉ ያዳረሰ ሽፍታ ያለው፣ ደግሞም የሚያስል ወይም ንፍጥ ያለው ወይም ዓይኑ የቀላ ልጅ ካያችሁ ኩፍኝ ተጠርጥሯል። አንድ ልጅ ይበቃል። ወዲያው ደውሉ። የወሩን ሪፖርት አትጠብቁ፣ የሳምንቱንም አትጠብቁ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ሆኖ እጁ ወይም እግሩ በድንገት የዛለ ልጅም እንደዚያው ወዲያው ይነገር፣ ፖሊዮ ይጠረጠራል፤ ሽባነቱ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና ከ24 እስከ 48 ሰዓት ልዩነት መወሰድ አለበት። ያለፈ ቀን አይመለስም።

«ኩፍኝ ባይሆንስ? ወረዳውን አስደንግጬ?» የሚል አለ። ባይሆን እሰየው ነው። ለጥርጣሬ የደወለን ባለሙያ የሚቆጣ ኃላፊ ካጋጠማችሁም ደግማችሁ ደውሉ።

ጤና ጣቢያ ተቀምጦ ስለማይመጡት ማጥናት

የመመረቂያ ጥናቱን ነገር መጨረሻ ያደረግኩት አውቄ ነው፤ ካላቆምኩት ብዙ ያናግረኛል። ስንት ሰው እንደሚጠየቅ የሚወስነው የናሙና ስሌት ሁሌም ያው ነው፦ 50 በመቶ ግምት፣ 5 በመቶ የስህተት ልክ፣ 384 ሰው፣ መልስ ለማይሰጡ በላዩ 10 በመቶ፣ 423። ይህንን ቁጥር ያላየ አማካሪ የለም። ቀመሩ አልተሳሳተም። ችግሩ 423ቱ ሰዎች የሚገኙበት ቦታ ነው። ርዕሱ «እናቶች በጤና ተቋም የማይወልዱበት ምክንያት» ይላል። መጠይቁ የሚሞላው ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ነው። በረንዳው ላይ የተቀመጡት እኮ የመጡት ናቸው! ቤቷ የወለደችው እናት በረንዳው ላይ የለችም። እሷን ሳትጠይቁ ስለ እሷ ትጽፋላችሁ፤ ቀጥሎ ወረዳው በዚያ ላይ ዕቅድ ያወጣል።

ጊዜና ገንዘብ እንደሚያጥር አውቃለሁ። መንገዱ አስቸጋሪ ሲሆን ቀበሌ መድረስ ቀላል አይደለም። ያን ጊዜ ርዕሱን ቀይሩ። የመጡትን ካጠናችሁ ስለ መጡት ጻፉ፤ ለምሳሌ ስንት ሰዓት እንደጠበቁ፣ እንዴት እንደተስተናገዱ፣ ደግመው ይመጡ እንደሆነ። ያልመጡትን ካላችሁ ግን ከቤተሰብ ማህደሩ አውጡና ቤታቸው ሂዱ። ሃያ እናቶችን በእርጋታ ማናገር በረንዳ ላይ ከተሞላ 423 መጠይቅ የበለጠ የሚያሳያችሁ ጊዜ አለ።

ከተመረቃችሁ በኋላ ደግሞ ውጤቱን በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ ለጤና ጣቢያው አምጡ። ኃላፊው ኦድስ ሬሾ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ቁጥር አይፈልግም። የትኛው ጎጥ ውስጥ እናቶች ቤት እንደሚወልዱ፣ አምቡላንሱ የት ድረስ እንደሚደርስ፣ ከዚያ ወዲያ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረቤት ከየት እንደሚገኝ ነው የሚፈልገው። አንድ ቅጂ ለኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ስጡ፤ እናቶቹን ያገኘችላችሁ እሷ ናት።