ከማሽን ጋር ብቻችሁን መድረክ ስትወጡ፦ ጅማ ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ትያትር የሚሞክሩ ልጆች ሲገናኙ አንድ ሐሳብ አይጠፋም። አንድ ተዋናይ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሮጀክተር። ተዋናዩ ያወራል፤ ማሽኑ ይሰማል፣ ይተረጉማል፣ ይመልሳል። ጉዳዩም የቋንቋ ቴክኖሎጂ ራሱ ነው። ስልካችን አማርኛና አፋን ኦሮሞ መናገር ሲጀምር እኛ ምን እንሆናለን?

ሐሳቡ ደስ ይላል። ወጪውም ቀለል ያለ ነው፤ የአሥር ተዋናይ አበልና ትራንስፖርት የለበትም። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ ትያትርነቱ ይቀርና የዕቃ ማስተዋወቂያ ይሆናል። እንዴት እንደሚበላሽ አንድ በአንድ እንየው።

ማሽኑን ዋና ተዋናይ ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹ ብዙዎቹ ከዚህ ይወለዳሉ። ተዋናዩ ጥግ ይይዛል፣ ስክሪኑ ያበራል፣ ተመልካቹ እንዲደነቅ ይጠበቃል። ድንቁ ግን አምስት ደቂቃም አይቆይ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው አብዛኛው ሰው ያንኑ ነገር ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የመጣው። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ አፋን ኦሮሞን ደግሞ በ2022። ለተመልካቹ ብርቅ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ ይረዳናል። እ.ኤ.አ. በ1966 ኤም.አይ.ቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባም ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ከተጻፈለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቁልፍ ቃል ይፈልግና ያንኑ ገልብጦ በጥያቄ መልክ ይመልሳል። የሚገባው ነገር የለም። ሰዎች ግን የልባቸውን አጫወቱት። ዋይዘንባም ራሱ እንደጻፈው፣ ፕሮግራሙን ሲሠራ ወራት ሙሉ ስታየው የከረመችው ጸሐፊው እንኳ ጥቂት እንደተጻጻፈች ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ለእኛ ሥራ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ትያትሩ ያለው ፕሮግራሙ ውስጥ አይደለም፤ "እስቲ ውጣልኝ" ባለችው ሴት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ስክሪፕቱን ከሰው ጀምሩት። ለምሳሌ አንዲት የአጋሮ አያት አስቡ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። የልጅ ልጃቸው አሜሪካ ተወልዶ እንግሊዝኛ ብቻ ያውቃል። መሃላቸው ያለው ስልክ ነው። አሁን ማሽኑ ሥራ አገኘ፤ ሁለት የሚፈላለጉ ሰዎች መካከል ገባ። መሞከሪያው ደግሞ ቀላል ነው። ማሽኑን አውጡና ታሪኩን ለጓደኛችሁ ተርኩት። የሚተረክ ነገር ካልተረፈ ትያትር ገና አልጻፋችሁም።

በነገራችን ላይ፣ ታሪክ ሲጠፋ ስክሪኑን በድሮን ምስል መሙላት የተለመደ ሆኗል። የጅሬኑን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ከላይ፣ ቀጥሎ የቡና ጫካ፣ ቀጥሎ የሚጨስ ጀበና። ጅማ ላለ ሰው ጅማን በድሮን ማሳየት ምን ይባላል?

ሁሉንም ነገር በቀጥታ ለመሥራት መሞከር

"እውነተኛ እንዲሆን ሁሉም ላይቭ ይሁን" የሚሉ አሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ግን መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ፕሮጀክተሩ ግን ድርግም ይላል። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ከሆነ መብራቱ ቢመለስም እስኪቀዘቅዝና እንደገና እስኪሞቅ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ተዋናዩ ብቻውን ነው። ትዕይንቱን የሚይዝለት ባልደረባ የለም።

እኔ የማምንበት እንዲህ ነው። አብዛኛውን የማሽኑን ድምፅና ጽሑፍ አስቀድማችሁ ቅረጹት፤ ላፕቶፑ ውስጥ ይቀመጥ፤ በኢንተርኔት ላይ አትንጠልጠሉ። አንዲት ቅጽበት ብቻ ላይቭ ትሁን። እሷም ብትበላሽ ታሪኩ የማይወድቅበት ቦታ ላይ ትግባ። ለብልሽቱም ቃለ ተውኔት ጻፉለት፣ ተለማመዱት። ማሽኑ ዝም ሲል አያትየው ምን ይላሉ? ተዋናዩ ይህን ካወቀ መብራት መጥፋቱም ትዕይንት ይሆናል። ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የእጅ ባትሪ ደግሞ ከየትኛውም ሶፍትዌር ትበልጣለች።

አስቀድሞ መቅረጽ ማታለል ነው ወይ? አይደለም። የተቀረጸውን ላይቭ ነው ብሎ መማል ግን ማታለል ነው። ማሽንን ምን ያህል እንመን እያለ የሚጠይቅ ትያትር ተመልካቹን ሲዋሽ ከተያዘ አለቀለት። ከታሪኩ ውስጥ ወይም መግቢያው ላይ በአንድ መስመር ተናገሩት፤ ማንም አይከፋውም።

ማሽኑ መድረክ ላይ እንደ ቤት ይሰማል ብሎ ማሰብ

ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ሶፍትዌሮች ክፍል ውስጥ ጥሩ ይሠራሉ። አዳራሽ ሌላ ነው። የአዳራሹ ግድግዳ ድምፅ ይመልሳል፣ ስፒከሩ ወደ ማይኩ ይጮኻል፣ ማሽኑም የራሱን ድምፅ ሰምቶ ለራሱ ይመልሳል። ማይኩን አፍ አጠገብ አድርጉት፤ ለማሽኑ የሚሄደውን ድምፅና ለተመልካቹ የሚሄደውን ለዩ።

ሌላው ጣጣ የአነጋገሩ ነው። ማሽኖቹ በብዛት የለመዱት ረጋ ያለ ንባብ ነው። እናንተ ደግሞ ታንሾካሹካላችሁ፣ ትፎክራላችሁ፣ ታለቅሳላችሁ። ጅማ ላይ ሰው አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በአፋን ኦሮሞ ይጨርሳል። ብዙው ሶፍትዌር ይሄን አይወደውም፤ አንዱን ቋንቋ ምረጥ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዊስፐር የተባለው ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት ላፕቶፕ ላይ ስለሚሠራ ለመድረክ ይመቻል፤ አማርኛም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። አፋን ኦሮሞ ግን አልነበረበትም። የአጋሮዋ አያት ግማሽ ንግግራቸው ሲጠፋ፣ ወይም አማርኛ በሚመስሉ የማይገናኙ ቃላት ሲተካ ስክሪኑ ላይ ማየት፣ ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ይናገራል።

ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ማሽን ስትጠቀሙ ደግሞ የማጥበቅና የማላላት ነገር አለ። ፊደላችን አያሳየውም። "ልጄ አለ?" ብለው አያትየው ሲጠይቁ መኖሩን ነው የሚጠይቁት። ማሽኑ አላልቶ ካነበበው መናገሩን ያስመስለዋል። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ በዚህ በኩል ይሻላል። እያንዳንዱን መስመር ከመድረክ በፊት በጆሯችሁ ስሙት፤ ስክሪፕቱ ላይ ትክክል መሆኑ አይበቃም።

ሳቅን ከስህተት መግዛት

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

ማሽን ሲሳሳት አዳራሹ ይስቃል። ሳቅ ደግሞ ብቻውን ለቆመ ተዋናይ ይጣፍጣል። ስለዚህ ሌላ ስህተት ይጨምራል፣ ሌላም። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ትያትሩ የትርጉም ስህተቶች ዝርዝር ሆኖ ያርፋል። ተመልካቹ ሲወጣ "ማሽኑ ቀልደኛ ነው" ይላል። አያትየውን ረስቷቸዋል።

የባሰው ግን ሳቁ ማን ላይ እንደሚያርፍ አለማየት ነው። ማሽኑ አማርኛን በተሰበረ ቃና ሲናገር ሰው ሲስቅ፣ ኋላ ወንበር ላይ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገር ሰው ተቀምጧል። ያ ሳቅ ትምህርት ቤት ሳለ በእሱም ላይ ተስቋል። ጅማ ውስጥ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ አለ፣ የም አለ፣ ዳውሮ አለ፣ ከፋ አለ። ቃናን ማሾፊያ ካደረጋችሁት ማሽን ላይ የቀለዳችሁ ይመስላችኋል እንጂ ያ ሰው ለብቻው ይሰማዋል።

ስህተትን አትጠቀሙ አላልኩም። ልብ የሚነካውን ስህተት ምረጡ። እንግሊዝኛ ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ለእርስዎም አንድ ቃል ስላለው ማሽኑ ይገምታል፤ ብዙ ጊዜም የሚገምተው "አንተ" ብሎ ነው። የልጅ ልጁ "እንዴት ነሽ እማማ" ማለቱ ነበር። ስልኩ ለሰባ ዓመት እናት "እንዴት ነህ" ይላቸዋል። መጀመሪያ አዳራሹ ይስቃል፤ ይሳቅ። ተዋናዩ ግን ከተመልካቹ ጋር እንዳይስቅ። ዝም ይበል። አያትየው ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ይዩት። ወደ ኋላቸውም ይዙሩ፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው። ከዚያ "እኔን ነው?" ይበሉ። ሳቁ በራሱ ጊዜ ይቆማል። አንድ ስህተት እንዲህ ከተሠራበት ሌሎቹን ሃያ ስህተቶች መሰረዝ ትችላላችሁ።

አያትየው ለስልኩ መልስ ለመስጠት የሚሞክሩበት መንገድም ይጻፍ። አያትየው ቃላቸውን እየቆራረጡ፣ ድምፃቸውን እያስተካከሉ፣ አፋን ኦሮሟቸውን እየተዉ ማሽኑ እንዲገባው ሲጥሩ ማየት አለብን። ማሽኑ የሰውን አነጋገር ሊማር መጣ ተብሎ ነበር፤ አሁን ሰው የማሽኑን አነጋገር እየተማረ ነው። እኔ ብጠየቅ ትያትሩን እዚህች ላይ ነው የማቆመው።

ስክሪኑን በጽሑፍ መጠቅጠቅ

ሰው እያነበበ አያይም። ተዋናዩ እያለቀሰ ከኋላው አራት መስመር ጽሑፍ ካለ ተመልካቹ ጽሑፉን ይመርጣል። በአንድ ጊዜ ከአንድ አጭር መስመር አትለፉ። በፊደልና በቁቤ ሁለቱንም ማሳየት ካለባችሁ እየተፈራረቁ ይምጡ።

ፎንቱንም ፈትሹ። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ሁሉንም በዩኒኮድ፣ ማለትም የትኛውም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል ሥርዓት፣ ተይቡ፤ ለደህንነቱ ስላይዶቹን ወደ ምስል ቀይሯቸው። የመድረኩ መብራትም ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ ወደ ጎን አዙሩት።

ቆርቆሮውን መርሳት

ጅማ ዝናብ አይጠፋትም። ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ ተዋናዩም፣ ስፒከሩም፣ ማሽኑም አይሰሙም። ከሰኔ እስከ መስከረም ማሳየት ግድ ከሆነ ኮርኒስ ያለው አዳራሽ ፈልጉ፣ ወይም ያለ ድምፅ በስክሪን ብቻ የሚሄዱ አምስት ስድስት ደቂቃዎች አዘጋጁ። ጄኔሬተር የምታስነሱ ከሆነም ርቆ ይቀመጥ፤ ማይኩ ከሁሉም አስበልጦ የሚሰማው እሱን ነው።

የሰው ድምፅ ያለ ፈቃድ መውሰድ

ሒርማታ ገበያ ሄዶ የሻጮችን ድምፅ በስልክ ቀርጾ መድረክ ላይ ማሰማት ቀላል ነው። ያንን ድምፅ ማሽን ላይ ጭኖ ያላሉትን ማናገርም አሁን ቀላል ሆኗል። አታድርጉት። ሰውየውን ጠይቁ። ድምፁ የት እንደሚሰማና ምን እንደሚደረግበት በሚናገረው ቋንቋ ንገሩት። ከተቻለ ለልምምዱ ጥሩትና መጀመሪያ እሱ ይስማው። እምቢ ካለ ተዋናይ አላችሁ፤ ያንን ድምፅ ራሱ ያውጣው።