ጋዙ ቀነሰ፣ ቮልቴጁ ወጣ፦ የትንንሽ ኤሌክትሮላይዘሮች ችግርና መፍትሄ

መብራት መኖሩን፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ውሃ መኖሩን አይታችኋል። ወደ ዋናው እንሂድ። የማወራው ላብራቶሪና ትምህርት ቤት ውስጥ ስላሉት፣ ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍለው ሃይድሮጅን ስለሚሰጡት ትንንሽ የፔም (ፕሮቶን በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን፣ ማለትም በሜምብሬን የሚሠሩ) ማሽኖች ነው። (የአገራችን መብራት አብዛኛው ከግድብ ስለሆነ ከሶኬት የሠራችሁትም ሃይድሮጅን አረንጓዴ (ከታዳሽ ኃይል የተሠራ) ለመባል ብዙ አይቀረውም።)

ምልክት፦ ጋዙ ከሳምንት ሳምንት ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ ይወጣል።

ጤነኛ ሴል (ውሃው የሚከፈልበት አንዱ ክፍል) 1.8 ቮልት አካባቢ ይሠራል። በዚያው ከረንት 2.2 ካለፈ ሜምብሬኑ ታሟል። ምክንያቱ? ውሃ ነው። እኔን ከሚጠሩኝ አብዛኞቹ ጋ ውሃ ነው! ሜምብሬኑ የተሠራው ፕሮቶን እንዲያሳልፍ ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም ከገቡ የፕሮቶኑን ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። ተነሱ ቢሏቸው አይነሱም።

"ውሃችን ንጹህ ነው" ይሉኛል። ለመጠጥ አዎ። ማሽኑ የሚፈልገው ግን በሴንቲሜትር ከ1 ማይክሮ ሲመንስ በታች ነው፤ ይህ ውሃው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ መለኪያ ነው፣ ማዕድን ሲበዛበት ይጨምራል። የታሸገ ውሃም አይሆንም፤ የማዕድን ውሃማ ስሙ ራሱ ይናገራል።

አንድ ትምህርት ቤት ክረምቱን ሙሉ ጥበቃው "እንዳይደርቅ" ብለው በቅንነት ከቧንቧ እየቀዱ ሞሉት። መስከረም ላይ ስደርስ ስታኩ (ተደራርበው የታሰሩት ሴሎች) አልቆለታል። ሌላ ቦታ ማጠራቀሚያውን መስኮት ዳር ፀሐይ ላይ አስቀምጠውት አልጌ አበቀለ። የጽዳት ሠራተኛዋ በበረኪና ፈትጋ አጠበችው። ሲበራ ክፍሉ መዋኛ ገንዳ ገንዳ ሸተተ። ክሎሪን ነበር፤ መስኮት ከፍተን ወጣን። ከሱቅ የገዙትን የባትሪ ውሃ ደግሞ ለክቼ 60 ማይክሮ ሲመንስ አግኝቻለሁ።

መፍትሄ፦ ማሽኑን አጥፉ፣ ውሃውን በሙሉ አፍስሱ። በዲአዮናይዝድ (ማዕድኑ በወጣለት) ውሃ ሦስቴ አለቅልቁ። የሬዚኑን ካርትሪጅ (ውሃውን የሚያጣራውን) ቀይሩ፤ አሮጌውን አጥቦ መመለስ ራስን ማታለል ነው። ከዚያ ያለ ከረንት ፓምፑን ብቻ አስነሱና የሚመለሰውን ውሃ ለኩ። ከ1 በታች እስኪወርድ ድገሙት። ከዚያ በትንሽ ከረንት ጀምሩ። ቮልቴጁ አልወርድ ካለ በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ማጠብ የተወሰነውን ይመልሳል፤ ግን የአምራቹ መመሪያ ካልፈቀደ አትንኩት። አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም!

ኮንዳክቲቪቲ ሜትር (ማይክሮ ሲመንሱን የሚለካውን መሣሪያ) ግዙ። ከስታክ በጣም ይረክሳል። የተጣራ ውሃም ክዳኑ ተከፍቶ ካደረ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጣና ብቻውን 1 አካባቢ ይደርሳል። የዘይት ጀሪካን ውስጥማ አታስቀምጡት፣ እባካችሁ።

ውሃው ጥሩ ሆኖ ችግሩ ከተመለሰ ፊቲንጎቹን (የቧንቧ መገጣጠሚያዎቹን) እዩ። ዋናው ሲሰበር ከሰፈር ሱቅ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ገዝተው ይገጥማሉ። "ውሃ እስካሳለፈ ያው ነው" ይላል ቧንቧ ሠራተኛው። ያው አይደለም! ዚንክና ብረት ይለቃል፤ ብረቱ ደግሞ ሜምብሬኑን ቀስ እያለ ያስበላዋል። የአምራቹን ፕላስቲክ አስመጡ። ሃይድሮጅኑን አሞኒያ ለመሥራት ለምትጠቀሙ ደግሞ፦ አሞኒያ መስመር ላይ ናስ አይገባም፣ ይሰነጠቃል።

ጋዙ እርጥብ ከሆነ ሲሊካ ጄሉ (እርጥበት መጣጩ) ጠግቧል፤ ቀይሩ። ማሽኑ ወራት ተቀምጦ አልነሳ ካለ ሜምብሬኑ ደርቋል፤ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ተገልብጦ ከሠራ ካታሊስቱ (የውሃውን መከፈል የሚያፋጥነው) ተጎድቷል፤ ለዚህ መድኃኒት የለኝም።

የጋዝ መፍሰስ ከጠረጠራችሁ በሳሙና አረፋ ፈልጉ። ክብሪት የሚጭር ሰው አይቻለሁ። ሃይድሮጅን አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል፤ ነበልባሉ በቀን አይታይም።

በኦክስጅኑ መውጫ ሃይድሮጅን ከወትሮው በላይ ከተገኘ ሜምብሬኑ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው አጥፉት፤ ከተበሳ ስታኩ ይቀየር። ሙጫ አትሞክሩ፤ የሞከረ አለ።