ለቁርጥማት የታዘዘ ክኒን ሌላ ሕመም ሲያመጣ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ጤፍ ታጭዶ ሲያልቅ፣ ደብረ ማርቆስ የምሠራበት መድኃኒት ቤት በወገብና በጉልበት ሕመምተኛ ይሞላል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ የከረመ ወገብ አይፈረድበትም።

ባለፈው ዓመት ከአማኑኤል በኩል የመጡ አንድ አባት የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱና የቋጠሩትን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን። በተለያየ ጊዜ፣ ከተለያየ ቦታ የተሰጧቸው ናቸው። «ሁሉም የጉልበቴ ነው ልጄ። አንዱ እምቢ ሲል ሌላውን እጨምርበታለሁ» አሉኝ።

ስማቸው ይለያይ እንጂ ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ናፕሮክሰንና ሜሎክሲካምም እንደዚሁ። ሥራቸው ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር መቀነስ ነው። ይህ ንጥረ ነገር የተጎዳ መገጣጠሚያ ላይ ሕመምና እብጠት ያመጣል። ጨጓራ ላይ ግን ግድግዳውን ከአሲድ ይጠብቃል። ኩላሊትም ደም በደንብ እንዲደርሰው ያግዛል። መድኃኒቱ ደግሞ ጉልበት ላይ ያለውን ብቻ መርጦ አይቀንስም። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

«ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ቃር ቃር ይለኛል»

በብዛት የምሰማው ይህንን ነው። አንዱ ምክንያት በባዶ ሆድ መዋጥ ነው፤ በጾም ወራት ይብሳል። ሰው ጠዋት በውኃ ይውጥና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ይውላል። ሁለተኛው ምክንያት የአንድ ቤት ልጆችን ደርቦ መውሰድ ነው። አረቄ ከተጨመረበት ደግሞ ጨጓራው መቼ ያርፋል? የጨጓራ ባክቴሪያ ያለበት ሰውም በቀላሉ ይቆስላል።

መፍትሄው ከአንድ በላይ አለመውሰድ፣ ከምግብ ጋር መዋጥና አረቄውን መተው ነው። ዲክሎፌናክ ሳይፈጭና ሳይሰበር ይዋጣል። የሚጾም ሰው ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ አስቀድሞ ይንገር፤ ሰዓቱን ከማፍጠሪያውና ከማታው ምግብ ጋር ማስማማት ብዙ ጊዜ ይቻላል። ካልተቻለ የንስሐ አባትን ማማከር ነው። የታመመን ሰው አያስጨንቁም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ምግብ ማቃጠሉን ይቀንሳል እንጂ ቁስለትን አይከላከልም። መድኃኒቱ ጨጓራን የሚጎዳው በደም በኩልም ነው። ስለዚህ «መርፌ ውጉኝ፣ ክኒኑ ለጨጓራዬ አይሆንም» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ መርፌውም ያው ነው። ዕድሜው ለገፋ ወይም ጨጓራው ቆስሎ ለሚያውቅ ሰው ሐኪሙ መጀመሪያ ሌላ አማራጭ ይፈልጋል። የግድ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አብሮ ያዛል። እሱ ጠዋት፣ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይወሰዳል።

«ሰገራዬ ጠቆረ»

እኒያን አባት ይህንኑ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ዞር ዞር ብለው ሰው መኖሩን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንደ ሬንጅ ከሆነ ሳምንቱ ነው» አሉኝ። ሲቆሙ ያዞራቸዋል። የዓይናቸውን ሽፋን ዝቅ አድርጌ ሳየው ነጥቷል። ምንም አልሸጥኩላቸውም። ባጃጅ ጠርተን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ላክናቸው።

እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት የጨጓራ መድማት ምልክት ነው። ክኒኑን ያኔውኑ አቁሞ ሆስፒታል መሄድ ነው። ነገ አይባልም። «ሆዴን አላመመኝምኮ» ማለትም አያዋጣም፤ ቁስለት አንዳንዴ ያለ ምንም ሕመም ይደማል። የደም ማነስ ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላል። ቢሆንም መለየቱን ለሐኪም ይተው። አስፕሪን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን፣ ወይም ስቴሮይድ የሚባሉትን ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን አብሮ የሚወስድ ሰው ለመድማት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይቋረጥም።

«እግሬ አበጠ፣ ሽንቴ ቀነሰ፣ ግፊቴም አልወርድ አለ»

ይህ የኩላሊት ጉዳይ ነው። እነዚህ ክኒኖች ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፤ የግፊት መድኃኒትንም ያዳክማሉ። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉትን የግፊት መድኃኒቶች በሚወስድ ሰው ላይ ሲደረቡ ኩላሊት በድንገት ሊጎዳ ይችላል። ሰውነት ውኃ ካጠረውማ ይብሳል። አባይ በረሃ ወርዶ በላብ ተጠምቆ የዋለ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው ውኃ ይጠጣ እንጂ ይህንን ክኒን አይውሰድ።

እብጠቱ ከመጣ መድኃኒቱን አቁሞ ግፊትን መለካትና የኩላሊት ምርመራ ማድረግ ነው። ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙ ሳይጠይቀው በፊት ይናገር።

ከልብ ጋርም ጉዳይ አለው። ሮፌኮክሲብ የሚባለው የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት በ2004 እ.ኤ.አ. ከገበያ የወጣው በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ የመጠቃትን ዕድል ስለሚጨምር ነበር። ሌሎቹም ከዚህ ስጋት ነፃ አይደሉም። ደረት ላይ ጭንቅ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ አንዱ ጎን ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ያለው ቦታ ድንገተኛ ክፍል ብቻ ነው። አስም ያለበት ሰው ከዋጠ በኋላ ደረቱ ሲር ሲር ካለም እንዲሁ።

ነፍሰ ጡር ከአምስተኛ ወር ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰድ። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ የፅንሱን ልብ ሳይቀር ሊጎዳ ይችላል።

«አልያዘኝም፣ ልጨምርበት?»

አይጨመርም። የዲክሎፌናክ ጣሪያ ለአዋቂ በቀን 150 ሚሊግራም ነው፤ የእርስዎ ደግሞ ሐኪሙ የጻፈው ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ጉዳቱ ይበዛል እንጂ እፎይታው አይበዛም። ካልሠራ ምናልባት ሕመሙ ሌላ ነው። የእግር አውራ ጣት ሌሊት በድንገት ቀልቶ የሚያስጮህ ከሆነ ሪህ ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ሕክምና አለው። አንድ መገጣጠሚያ አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት።

በዕድሜ ላረጀ ጉልበት ግን የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄል ይሞከር፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ቁስል ላይ አይቀባም። ፓራሲታሞልም ጨጓራን አይጎዳም፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ በቀን ከ8 ፍሬ እንዳያልፍ እንጂ። አረቄ ለሚያዘወትርና ሰውነቱ ለከሳ ሰው ከዚያም ያንሳል። የጭን ጡንቻን ማጠንከርም ጉልበትን ያሳርፋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ትንሽ ይዞ ማውረድ፣ በየቀኑ።

እኒያ አባት ደም ተሰጥቷቸው ተረፉ። አሁን ሲመጡ ጄልና ፓራሲታሞል ብቻ ይወስዳሉ። ሌላ ቦታ የተሰጣቸው ነገር ካለም ጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡና ሳይውጡት በፊት ያሳዩኛል።