የአትክልት መጠምዘዣ ከመግዛታችሁ በፊት ካሮታችሁን እዩት

ባለቤቴ ስኳር አለብህ ተብሎ ሐኪሙ «ፓስታና ዳቦ ቀንስ» ያለው ቀን ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ሰውየው ዳቦውን ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ተወው። ፓስታ በስጎ ግን አልሆነለትም። ዱባይ ያለችው ታናሽ እህቴ ወሬውን ስትሰማ «እትዬ፣ እዚህ አትክልት እየጠመዘዘ እንደ ፓስታ የሚያደርግ ዕቃ አለ፤ ልላክልሽ?» አለችኝ። የኔ ችግር ደግሞ ማስቀመጫ ነው። የኮንዶሚኒየም ኩሽናዬ ሁለት ሰው አያዞርም፤ ፍሪጁ አናት ላይ እሷው የላከችው የዋፍል ማሽን አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ስለዚህ «ቆይ» አልኳትና የጎረቤቴን ለሁለት ሳምንት ተዋስኩ። እናንተም የሚያውሳችሁ ካገኛችሁ እንደኔ አድርጉ።

የመጀመሪያው ቀን ካሮት ይዤ ጀመርኩና አፈርኩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አትክልቱ ከአንድ ወገን ጥርስ ባለው መያዣ ይወጋል፣ በሌላው ወገን ምላጩ ላይ ይደገፋል። እጀታውን ስታዞሩት ዙሪያው እየተላጠ ረጅም ክር ሆኖ ይወርዳል፣ መሐሉ ግን እርሳስ የመሰለ ግንድ ሆኖ ይቀራል። እኔ ከጉሊት የምገዛው ካሮት ከአውራ ጣቴ ብዙም አይወፍርም። ላጥኩት፣ አዞርኩት፤ እጄ ላይ የተረፈው ግንዱ ነው! ደህና ክር የሚወጣው አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው፣ ቀጥ ካለና ጠንከር ካለ አትክልት ነው። ቲማቲም አይታሰብም። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ዘንቢላችሁን እዩ፤ በየሳምንቱ የምትገዙት ቀጭን ካሮትና ጥቅል ጎመን ብቻ ከሆነ ቢላችሁ ይበቃችኋል።

ዝኩኒው ላይ ደግሞ የባሰ አጠፋሁ። ፓስታ ነው ብዬ የፈላ ውኃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ሾርባ ሆነ። ዝኩኒ እኮ ከመቶ 95 እጁ ውኃ ነው። በማግስቱ ክሩን ጨው ነስንሼ ወንፊት ላይ ለሃያ ደቂቃ ተውኩት፣ በንጹሕ ፎጣ ጨመቅኩት፣ ከዚያ በጋለ መጥበሻ ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ገላበጥኩት። ስጎውንም ወፈር አድርጌ ሠራሁ። ባለቤቴ ቀመሰና «ጥሩ ነው፤ ግን ፓስታ አትበይው» አለኝ። እውነቱን ነው። መቶ ግራም የተቀቀለ ፓስታ ሠላሳ ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ሲኖረው ዝኩኒው ሦስት ግራም ገደማ ቢኖረው ነው፤ ጥርስ ላይ ግን አንድ አይደሉም። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ፓስታ ግማሽ ዝኩኒ ቀላቅዬ ሰጠሁት፣ ሳህኑን ጠረገው። (የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ ፓስታውን በአንዴ አታጥፉበት፤ ስኳሩ ከልክ በታች እንዳይወርድ ሐኪሙን ጠይቁ።)

ለዝኩኒ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልገዛም ነበር። ልቤን ያሸነፈው ቀይ ሥር ነው። ቀይ ሥር ሙሉውን ስቀቅል አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ያለችኝን ጋዝ ይጨርስብኛል። በክር የወጣው ግን ከሽንኩርትና ከትንሽ ዘይት ጋር ተከድኖ በአሥር ደቂቃ በሰለ። የቀረውን ጥሬውን በሎሚና በቃሪያ አሸሁት፤ ለጾም እንዲህ ያለ ሰላጣ በልቼ አላውቅም። ድንቹንም ልጄ ጠብሳ ጨረሰችው።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል ካላችሁ፣ እንደ እርሳስ መቅረጫ በእጅ የሚዞረው ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ለዝኩኒና ለኪያር ይሆናል። ቀይ ሥር ላይ ግን አንጓችሁ ይዝላል፤ ጫፉ ላይ ስትደርሱም ጣታችሁ ወደ ምላጩ ይቀርባል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ባለ እጀታው ለጠንካራ አትክልት ነው። ሲገዙት እግሩን ይዩ፤ የላስቲክ እግሮቹ አየር ስበው የሚጣበቁት ልሙጥ ነገር ላይ ብቻ ነው። እኔ ሴራሚክ ላይ ሳስቀምጠው በንጣፎቹ መሐል ባለው ስንጥቅ አየር እየገባ ይንሸራተት ነበር፤ በመጨረሻ እግሩን አርጥቤ የምግብ ጠረጴዛው መስታወት ላይ ሠራሁበት። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መብራት በሚጠፋበት ሰፈር አያስፈልግም።

እጥበቱን አትርሱት። የቀይ ሥር ቀለም ነጩ ፕላስቲክ ላይ ከደረቀ አይለቅም፤ ወዲያው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። በእስፖንጅ ሞክሬ አመልካች ጣቴን ቆርጫለሁ።

ማዞር የማትወዱ ደግሞ ጥርስ ያለው የካሮት መላጫ ግዙ። ክሩ አጭር ነው እንጂ ለሰላጣ ምንም አይልም፤ መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያው ጋር ይገባል፣ ለቀጭን ካሮትም እሱ ነው የሚሻለው።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ለጎረቤቴ መለስኩና ለእህቴ ደወልኩ። «ባለ እጀታውን ላኪልኝ፣ ስትመጪ ግን የዋፍል ማሽንሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ» አልኳት። ቦታው የመጠምዘዣው ነዋ።