ብሎጋችሁን ማሽን እንዲያነብላችሁ ስትፈልጉ

ጽሁፍን ወደ ድምፅ ለመቀየር የግድ ማይክ ይዞ መቀመጥ ቀርቷል፣ አማርኛ የሚያነቡ ቴክስት ቱ ስፒች መሳሪያዎች አሉ፣ ማይክሮሶፍት ለምሳሌ መቅደስ እና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። ድምፅ መምረጡ ቀላል ነው፣ ጣጣው ያለው ጽሁፉ ላይ ነው።

መጀመሪያ ፖስቱን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ፋይል ላይ ለጥፉትና ለጆሮ አስተካክሉት። ሊንክ ይውጣ፣ "ከታች ያለውን ፎቶ ይመልከቱ" የሚለውም ይውጣ፣ የሚሰማው ሰው ምኑን ያያል? ዶ/ር፣ ት/ቤት፣ ዓ.ም. የመሳሰሉትን ዘርዝራችሁ ጻፉ፣ ቁጥሩንም በፊደል። ሌላ ደግሞ ብዙዎቻችን አራት ነጥብ ስንፈልግ ሁለት ነጥብን ሁለቴ እንጫናለን፣ ለዓይን ያው ነው፣ ለማሽኑ ግን ሌላ ምልክት ስለሆነ አረፍተ ነገሩ ማለቁን ላያውቅ ይችላል፣ ስለዚህ በትክክለኛው "።" ቀይሩት።

ከሁሉም የሚያናድደው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም፣ እኛ ከአገባቡ እንገምታለን፣ ማሽኑ ግን አንዳንዴ ይስታል። "ዋና ስራ" ብዬ የጻፍኩትን አንዴ "ና"ን አላልቶ የውሃ ዋና አደረገብኝ፣ እሺ ይጥበቅ ብዬ "ና"ን ብደግምለት "ዋናና ስራ" ብሎት አረፈ፣ ዋናም ስራም! መፍትሄው ቃሉን መቀየር ነው፣ "ትልቁ ስራ" ብዬ ተገላገልኩ። "አለ"ም እንደዛው ነው፣ ተናገረ ለማለት ከሆነ "ተናገረ" ብላችሁ ጻፉት።

ሁሉንም ባንዴ አታስነብቡ፣ በአንቀጽ በአንቀጽ አድርጉት፣ አንድ ቃል ሲበላሽ ያንን አንቀጽ ብቻ ትደግማላችሁ። ከዛ ነጻ በሆነው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ኦዳሲቲ ገጣጥሙት፣ በአንቀጾች መሀል ትንሽ ዝምታ ጨምሩ ካልሆነ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሴቭ ስታደርጉ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ኤምፒ3 በሰከንድ 64 ኪሎቢት ለንግግር ይበቃል፣ 10 ደቂቃው 5 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን ዳታ አይበላም።

ከመልቀቃችሁ በፊት ጽሁፉን ዘግታችሁ አንዴ አዳምጡት፣ እያያችሁ ከሰማችሁ ዓይናችሁ ስህተቱን ይሸፍንለታል። በድምፁ ገንዘብ ልትሰሩበት ካሰባችሁ ደግሞ የመሳሪያውን ፈቃድ አንብቡ፣ ነጻ የሆነ ሁሉ ለንግድ አይፈቀድም።